ሐሙስ በሳህን

አጋሮ ከጅማ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። አውሮፕላናችን ከጅማ የሚነሳው ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ነው። አማቴ የቀሰቀሱኝ ሌሊት 9 ሰዓት። «መንገድ አይታመንም ልጄ፣ ተነስ» አሉኝ። አማት ሲቀሰቅስ ሰዓት አይጠየቅም፤ ተነሳሁ። ስወጣ ሚኒባሱ ሞተሩን አስነስቶ ደጅ ቆሟል። ውስጡ ተጓዥ ሁለት፣ ሸኚ አሥር። አንድ የአጎት ልጅ «እኔ ጣሪያው ላይ ከሻንጣው ጋር እሆናለሁ» ብሎ ወጥቶ ነበር፤ ሹፌሩ በስንት ልመና አወረደው።

አማቴ የሚሄዱት ሚኒያፖሊስ ነው። ትንሿ ልጃቸው እዚያ ወልዳለችና ሊያርሷት። እኔም ለሥራ ወደዚያው መንገድ ስለነበረኝ አድራሽ ተደርጌ ተመደብኩ። ለያንዳንዳችን የተፈቀደው 23 ኪሎ፣ 23 ኪሎ የሆነ ሁለት ሻንጣ ነው። ከአራቱ ሻንጣ ሦስት ተኩሉን የገንፎ እህል፣ በሶ፣ በርበሬ፣ ማርና የጎማ ቡና ያዙት (ጎማ ወረዳዋ ናት፣ የመኪናው አይደለም)። የእኔ ሱሪዎች በቀረችው ግማሽ ውስጥ ተሸማቀው ተቀመጡ። አማቴን የከነከናቸው ግን ሻንጣው ሳይሆን ቀኑ ነበር። «ሐሙስ ቀን፣ ሂርማታ ገበያው ደርቶ፣ ሰው እንዴት ከጅማ ይወጣል?» እያሉ አጉረመረሙ።  ጅማ እስክንገባ አላቋረጡም።

የጅማ አየር ማረፊያ አባ ጅፋር ይባላል። እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ጅማን የገዙት ዳግማዊ አባ ጅፋር ቁመታቸው ከሁለት ሜትር በላይ ነበር ይባላል። ዛሬ ከጂሬን ኮረብታ ቤተ መንግሥታቸው ወርደው አዲስ አበባ ልሂድ ቢሉ፣ በገዛ ስማቸው ከተጠራው ሜዳ በሚነሳው አውሮፕላን ውስጥ ጉልበታቸውን የት እንደሚያደርጉት እንጃ። በቅሎ ሳይሻላቸው አይቀርም።

ስንደርስ ገና ከሌሊቱ 11 ሰዓት ስለነበር የሚከፈት በር የለም። ከመንገዱ ማዶ ግን አንዲት ሴት ላስቲክ ወጥራ፣ ቄጠማ ጎዝጉዛ፣ ከሰሏን አያይዛለች። አማቴ ከሚኒባሱ ወርደው በቀጥታ ወደዚያው አመሩ። የ9 ሰዓቱ ምሥጢር ያኔ ነው የተገለጠልኝ፤ አማቴ ያሰሉት የመንገዱን ርዝመት ሳይሆን የአቦልን፣ የቶናን እና የበረካን ነው። ሸኚ በአቦል ብቻ ከተሸኘ አልተሸኘም።

አሥራ ሁለታችንም በበርጩማና በድንጋይ ላይ ተኮለኮልን። ባለቡናዋ ፍሬውን ሁለት ጊዜ አጥባ ብረት ምጣዱ ላይ አደረገችው። መጀመሪያ ውኃው ተንሿሿ፤ ቀጥሎ ፍሬው ቢጫ ሆነ፣ ቡኒ ሆነ፣ መንጣጣት ጀመረ። ዘይቱ ፊቱ ላይ ወጥቶ ሲያብለጨልጭ ምጣዱን አንስታ በያንዳንዳችን አፍንጫ ሥር አዞረችው። ሁላችንም ጭሱን በእጃችን ወደ ፊታችን ሰበሰብን። አንዱ ሸኚ ከጭሱ ትንሽ ጠቅልሎ ኪሱ ሊከት የፈለገ ይመስል ነበር። ከዚያ ሙቀጫው። የጅማ ጨለማ ውስጥ የዘነዘና ድምፅ እስከ ማኮብኮቢያው ሳይሰማ አይቀርም።

የመጀመሪያውን ሲኒ ስጨርስ ጉራ መጣብኝ። በሥራ ምክንያት በየስብሰባው ሻንጣ ስጎትት ኖሬ አንድ የወርቅ ቀለም ያለው የሼባ ማይልስ ካርድ አለኝ፤ በሕይወቴ ያገኘሁት ብቸኛ ወርቅ እሱ ነው። አንድ እንግዳ ይዞ ላውንጅ ያስገባል።

«ቦሌ ስንደርስ ላውንጅ ነው የማስገባዎት» አልኳቸው።

«እሱ ደግሞ ምንድን ነው?»

«አውሮፕላኑ እስኪነሳ ድረስ ተጓዥ ተመቻችቶ ቁጭ የሚልበት፣ የሚበላበት፣ ቡና የሚጠጣበት ቤት።»

አማቴ ዙሪያውን አዩ። ጀበናውን አዩ፣ ሸኚውን አዩ፣ በርጩማቸውን አዩ።

«ታዲያ አሁን ምን ላይ ነው የተቀመጥነው?»

መልስ አልነበረኝም፤ ቶናው መጣልኝ።

ስለ በርጩማው ትንሽ ልበል። ጅማ በእንጨት ሥራ የታወቀች ናት። ከአንድ ግንድ የተፈለፈለው ባለሦስት እግሩ በርጩማ የዚህ አገር ጥበብ ነው። ለምን ሦስት እግር? አራት እግር ያለው ወንበር ወጣ ገባ መሬት ላይ ሲቀመጥ ይወዛወዛል፤ ካርቶን አጥፎ እግሩ ሥር መወተፍ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ሦስት እግር ያለው የትም ይቆማል፣ ቡና ዛፍ ሥርም፣ አየር ማረፊያ በርም። ምቾት ማለት መስመጥ ነው ያለው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ የጅማ አናጢ ግን አይደለም።

መቼም ከተነሳ አይቀር፣ በሕይወቴ ያየሁትን ምርጥ ላውንጅ ልንገራችሁ። ሊሙ ውስጥ በአንድ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ነው ያየሁት። ወሩ ኅዳር ነበር፣ የለቀማው ግለት። ተሳፋሪው ቡናው ነው። እሸቱ ቀይ ሆኖ በጆንያ ይገባል፤ ተፈልፍሎ፣ በገንዳ አድሮ፣ ታጥቦ ከወጣ በኋላ የሚተኛበት ከመሬት ከፍ ያለ ማድረቂያ ስሙ ራሱ አልጋ ነው። ከላይ ነፋስ፣ ከታች ነፋስ። ግራና ቀኝ የቆሙ ሴቶች ቀኑን ሙሉ በእጃቸው ያገላብጡታል፤ የተሰበረውንና የተበሳውን እየለቀሙ ያወጡለታል። ቀትር ላይ ፀሐይ እንዳይመታው ይከናነባል። ማታ ጤዛ እንዳይነካው ይሸፈናል። እርጥበቱ ወደ 11 ወይም 12 በመቶ እስኪወርድ ድረስ ለቀናት እንዲህ እየተገላበጠ ይከርማል። ማንም ካርድ አልጠየቀውም። ከዚያ ተጓጉዞ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ አንድ ቦታ ሲደርስ ቁልፍ በሚጫኑት መኪና ውስጥ ገብቶ በወረቀት ኩባያ ይወጣል። ሰው ከምቾት ወደ መከራ ሲሄድ አይቻለሁ፤ እንደ ቡና የሄደ ግን አላየሁም።

የሰዎቹ ላውንጅ ታሪኩ አጭር ነው። እ.ኤ.አ. በ1939 አሜሪካን ኤርላይንስ ኒው ዮርክ ላጓርዲያ አየር ማረፊያ ውስጥ አንድ ክፍል ከፈተና «አድሚራልስ ክለብ» አለው። መርከብ የሌለው፣ ባሕር ያላየ መንገደኛ ሁሉ በአንድ ቀን አድሚራል ሆነ ማለት ነው። መጀመሪያ የሚገባው የተጋበዘ ብቻ ነበር፤ ክፍያውና የካርዱ ቀለም በኋላ የመጣ ነው።

በእኛ በኩል የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1946 የመጀመሪያ በረራውን ወደ ካይሮ ካደረገ ብዙም ሳይቆይ ወደ ጅማ መብረር ጀመረ። አውሮፕላኖቹ ከጦርነቱ የተረፉ ሲ-47 ነበሩ። ተሳፋሪው ግራና ቀኝ ግድግዳውን በተደገፈ አግዳሚ ላይ ፊት ለፊት ተያይቶ ይቀመጣል፤ መሀሉ ለጭነት ነው። ይህን ሳነብ የታየኝ የቡና አቀማመጥ ነው። ፊት ለፊት የተቀመጠ ሰው ሳይወድ በግዱ «ከየት ነህ?» ይላል። የዛሬው ወንበር የፊተኛውን ሰው ማጅራት ብቻ ነው የሚያሳየው፤ ማጅራት ደግሞ አያጫውትም።

ከአውሮፕላኑ በፊትስ? የዚህ አገር መንገደኛ መድረሻው ሂርማታ ነበር። የሐሙሱ ገበያ ከየአቅጣጫው የሲራራ ነጋዴውን ይሰበስበዋል፤ ጨው ይዞ የመጣው ቡና፣ ማርና የከብት ቆዳ ይዞ ይመለሳል። ስንቅንም ቢሆን የዚህ አገር ሰው ያወቀበት ድሮ ነው። ጄምስ ብሩስ የተባለው ስኮትላንዳዊ ተጓዥ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ የኦሮሞ ዘማቾች የተወቀጠ ቡና በቅቤ ለውሰው፣ እንደ ቢሊያርድ ኳስ አድቦልቡለው በቆዳ ከረጢት እንደሚይዙና አንዷ ኳስ ለአንድ ቀን ድካም እንደምትበቃቸው ጽፏል። ላውንጅ በከረጢት ይሏል ይኼ ነው። የኳሷ ዘመድ የሆነው ቡና ቀላ እስካሁን አለ፤ ቡናው ከነገለባው፣ አንዳንዴም ከገብስ ጋር፣ በቅቤ የሚጠበስ። ይህን ያነሳሁት በከንቱ አይደለም። አማቴ በእጅ ቦርሳቸው ውስጥ አንድ ቆርቆሮ ሙሉ ይዘው ነበር።

የጅማው ፈታሽ ቆርቆሮዋን ከፈታት፣ አሸተታት፣ ዝም አለ። «እናቴም ትሠራለች» ብሎ መልሶ ከደናት። አማቴ ቆጥረው ሦስት ፍሬ እጁ ላይ አደረጉለት። ጉቦ እንዳይመስል ፈራሁ፤ እሱ ግን አፉ ውስጥ ጨምሮ ማስረጃውን አጠፋ።

ቀኑን አዲስ አበባ ዘመድ ቤት አሳለፍንና ማታ ቦሌ ሄድን። ክላውድ ናይን ወደሚባለው ላውንጅ ስንገባ አማቴ ደፍ ላይ ጫማ ሊያወልቁ ሲሉ ነው የደረስኩባቸው። ውስጥ ሲገቡ ግን ነፍሳቸው ተመለሰች፤ እንጀራ አለ፣ ወጥ አለ፣ ከሁሉ በላይ ረከቦትና ጀበና አለ። ቡና ከምታፈላው ልጅ አጠገብ ሄደው ተቀመጡና አልተነሱም። ከጎናቸው ወደ ጓንግዡ የምትሄድ ነጋዴ ነበረች። ሁለተኛው ሲኒ ሳይቀዳ የነጋዴዋ አያት ከጮጬ መሆናቸው ታወቀ። ጮጬ አጋሮ አጠገብ ናት፤ በተረቱ ቡናን ያገኘው እረኛ ካልዲ ፍየሎቹን ያሰማራው እዚያ ነው ይላሉ። የከፋ ሰዎች ደግሞ እኛ ጋ ነው ይላሉ፤ ቦንጋ ላይ ለቡና ሙዚየም ሁሉ ተሠርቷል። አማቴ በዚህ ጉዳይ ድርድር አያውቁም። ፍየሏ የጮጬ ናት፣ አለቀ። እኔ በዚህ መሀል ከጥግ ያለ ሶፋ ላይ ተኝቼ ነበር፤ ስነቃ ሴቶቹ ስልክ ተለዋውጠዋል።

ፈተናው የመጣው በነጋታው ነው፣ ዓርብ ጠዋት፣ አውሮፓ መሀል በሚገኝ አንድ አየር ማረፊያ። አየር መንገዳችን እ.ኤ.አ. በ2011 ስታር አልያንስ ከገባ ወዲህ ያቺ ወርቅ ካርዴ በሰው አገርም በር ትከፍታለች። የማን ላውንጅ እንደሆነ ስሙን ተዉት። በሯ ላይ የተቀመጠችው ልጅ ካርዱን ለማሽኑ አሳየችው፣ ማሽኑ ጢ አለ፣ ገባን።

ፀጥ ያለ አዳራሽ ነው። ስልሳ የሚሆን ሰው ተቀምጧል፤ ሁሉም በተለያየ አቅጣጫ ዞሯል። የሚሰማው የማንኪያና የኮምፒውተር ቁልፍ ድምፅ ብቻ። አማቴ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ወደ ጆሮዬ ቀረቡ።

«ማን ሞቶ ነው?»

«ማንም አልሞተም። እያረፉ ነው።»

«ለቅሶ ቤትም እኮ ሰው ያወራል ልጄ።»

ወንበሩ ላይ ሲቀመጡ ወንበሩ ዋጣቸው። እግራቸው ከመሬት ተነሳ፤ ቦርሳቸው ከሥራቸው ገባ። ለመነሳት ሁለት ጊዜ ሞክረው አቃታቸውና እጃቸውን ስቤ አወጣኋቸው። በኋላ የሻይ ጠረጴዛ የምትመስል ጠንካራ ዱካ አግኝተው እሷ ላይ ሆኑ። ባለሦስት እግር ነበረች። ሆን ብዬ ቆጥሬአለሁ።

ወደ ምግቡ ወሰድኳቸው። ሥጋውን ገና ከሩቅ አላመኑትም፤ የማን እጅ እንዳረደው አይታወቅም። አይቡን «ሸቷል» ብለው አለፉት፤ ሸቶም ነበር፣ የሚሸጠው በሽታው ነው። ቀጥሎ አንድ ነጣ ያለ፣ ዘይት የፈሰሰበት ድልህ የመሰለ ነገር ላይ ቆሙ።

«ይኸስ?»

ከፊቱ ያለችውን ጽሑፍ አነበብኩ። «ሁሙስ።»

«ሐሙስ?»

«አዎ… ሁሙስ። ከሽምብራ ነው የሚሠራው።»

ጣታቸውን አጥፈው ቆጠሩ። «ሐሙስ ትናንት አልነበር እንዴ?»

«ነው፣ ግን ይኸ…»

«ዛሬ ዓርብ ነው። የትናንቱን ነው ለሰው የሚያቀርቡት?» አሉና ሳህኑን አዘኔታ በሞላበት እጅ ወደ ግድግዳው ገፋ አደረጉት።

ብዙ ለመንኳቸው። እንቁላል አለ፣ ዳቦ አለ፣ ፍራፍሬ አለ። አቮካዶውን አይተው ዋጋውን ጠየቁኝ። ነፃ ነው ስላቸው ይበልጥ ተጠራጠሩ፤ ለጅማ ሰው በአቮካዶ መኩራራት ለአሣ ውኃ እንደ መሸጥ ነው። በመጨረሻ የጨነቃቸውን ነገር አወጡት።

«የዚህ ቤት ባለቤት ማን ነው?»

በሩ ላይ ያለችውን ልጅ አሳየኋቸው።

«እሷማ ማሽኗን ጢ አድርጋ ዞረች። ብሉ አላለችን።»

«እኔ ይብሉ እያልኩዎት አይደል?»

«አንተ እንግዳ ነህ። እንግዳ ለእንግዳ ብላ አይልም።»

እዚህ ላይ ሐቁን ልናገር። ላውንጅን የምወደው በዚሁ ምክንያት ነው። አጋሮ ለአረፋ ሄዳችሁ ታውቁ እንደሆነ እኔን ትረዱኛላችሁ። ጎንደር ብትሄዱ «በሞቴ» ይሏችኋል፣ ሸዋ «አፈር ስሆን» ይሏችኋል፤ ሁለቱንም በስንት መሐላ መከላከል ይቻላል። አማቴ ግን «በአላህ ይዤሃለሁ» ነው የሚሉት። ከዚያ ወዲያ ይግባኝ የለም። ጠግቤአለሁ ያለ ሰው ሆዱን በእጃቸው ይዳስሱታል። እኔ በዚያ ቤት በሦስተኛው ቀን መቀመጥ አቅቶኝ በጎኔ ተጋድሜ የበላሁ ሰው ነኝ። ስለዚህ ማንም ሳያየኝ፣ ማንም ሳያጎርሰኝ፣ ሁለት ቁራጭ አይብ ብቻ ሳህኔ ላይ አድርጌ ጥግ መያዝ ለእኔ ሽርሽር ነው። የሚገርመው ግን እንዲህ በነፃነት ስለቀቅ ሁለት ቁራጭ አይደለም የምበላው። የሚገፋፋኝ ሲጠፋ ራሴን ራሴ እገፋፋለሁ። ያን ዕለት አራት ጊዜ ተመላለስኩ።

በአራተኛው ስመለስ ዱካዋ ባዶ ናት። ዞር ብዬ አማቴን ፈለግኳቸው። ቆርቆሮዋን ይዘው አዳራሹን እየዞሩ ነው። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ በግራ ክንዳቸው ቆርቆሮዋን አቅፈው፣ በቀኛቸው ቆንጠር እያደረጉ፣ ለያንዳንዱ አኩራፊ «ኮቱ፣ ቡነ ዹጊ» ይላሉ በኦሮምኛ። ዹጊ ጠጣ ማለት ነው፤ የሚበላ ነገር ይዞ ጠጣ ማለታቸው ቸኩለው መሆን አለበት፣ ወይም ለፈረንጅ ልዩነቱ አይታየውም ብለው ነው። አንዲት ልጅ ማዳመጫዋን ከጆሮዋ ነቅላ በሁለት እጇ ተቀበለች። ሦስት ኮምፒውተር የዘረጋ ራሰ በራ ሰውዬ ግን ራሱን ነቀነቀ። መዳፉን ደረቱ ላይ አድርጎ በትሕትና ነው እምቢ ያለው። ምስኪን፣ ለማን እምቢ እንዳለ አላወቀም።

«በአላህ ይዤሃለሁ» አሉት በአማርኛ።

ሰውየው ቃሉን አልተረዳም፤ ዐይናቸውን ግን ተረዳ። አንድ ፍሬ አንስቶ አፉ ውስጥ ጨመረ። ገለባው ጥርሱ ሥር ቀጭ ሲል፣ ቅቤው ሲከተል፣ ከዚያ የቡናው ምሬት ሲመጣ ፊቱ ላይ ሦስት ዓይነት የአየር ጠባይ አለፈ። ዝም ብሎ አላመጠ። ከዚያ እጁን እንደገና ዘረጋ። አማቴ ወደ እኔ ዞረው «አየህ!» የሚል ዐይን ሰጡኝ፤ ቀጥለውም አጠገቡ ባዶ ወንበር ላይ እንዳይሰምጡ በጠርዙ ተቀምጠው ስንት ልጅ እንዳለው በጣታቸው ጠየቁት። ሁለት ጣት አወጣ። የበረራችን ጥሪ ሲመጣ የልጆቹን ፎቶ እያዩ ነበር።

ሚኒያፖሊስ ቤት ስንገባ ሕፃኑ ተኝቷል። አራሷ እናቷን አቅፋ ካለቀሰች በኋላ እንባዋን ጠርጋ የመጀመሪያውን ጥያቄ ጠየቀች።

«እማ፣ በመንገድ ላይ ምን በላችሁ?»

«ምን እንበላለን ልጄ» አሉ አማቴ፣ ሻርፓቸውን እየፈቱ። «ምግቡስ ተትረፍርፏል። ብሉ ያለን ግን የለም።»

እኔ አራት ሳህን አይብ በሆዴ ይዤ የገንፎ እህሉን ሻንጣ ወደ ጓዳ መግፋት ቀጠልኩ።